ሰባት ኤከር ነፃነት፦ በኪንግስተን መሐል ያለች ትንሽ መናፈሻ

ጃማይካ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ነጭ አሸዋ፣ ወደ ሰማያዊ ባሕር፣ ወደ ቦብ ማርሌና ወደ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነው። የጉዞ ወኪሎች የሚያሳዩን ሥዕልም ከዚህ ብዙም አይርቅም። አብዛኛው ጎብኚ በሰሜኑ ጠረፍ፣ በሞንቴጎ ቤይና በኦቾ ሪዮስ ሆቴሎች ሰንብቶ ዋና ከተማዋን ሳያያት ይመለሳል። እኛ ግን በዚህ ወር የምንወስድዎ ወደ ኪንግስተን ነው፤ ያውም ወደ አንዲት ትንሽ መናፈሻ። መግቢያዋ በነፃ ነው። ዙሪያዋን በእግር ለመጨረስ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ይሁን እንጂ ልጆችዎን ይዘው አንድ አመሻሽ ቢያሳልፉባት፣ ሆቴል ከተመለሱም በኋላ የምታነጋግራችሁ ቦታ ናት።

ስሟ ኢማንሲፔሽን ፓርክ ይባላል። ቃሉ ከባርነት ነፃ መውጣት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ስም ወጣቶች ለሚሮጡበት፣ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ለሚጫወቱበት ቦታ መሰጠቱ መጀመሪያ ላይ ሊያስገርምዎ ይችላል። ጉዳዩ ግን እዚያው ላይ ነው።

ፈረስ ይሮጥበት የነበረው ሰፈር

መናፈሻዋ ያለችው ኒው ኪንግስተን በሚባለው የባንኮች፣ የኢንሹራንስ ድርጅቶችና የትልልቅ ሆቴሎች ሰፈር ነው። ይህ ሰፈር በፊት ክነትስፈርድ ፓርክ የሚባል የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ እሽቅድምድሙ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር መሬቱ ለግንባታ ዋለ፤ አዲሱ የንግድ ማዕከልም ተወለደ። የድሮው ስም አሁንም በዋናው ጎዳና ላይ ቀርቷል፤ ክነትስፈርድ ቡልቫርድ ይባላል።

የመሬት ዋጋ ምን እንደሆነ ለከተማ ነዋሪ መንገር አያስፈልግም። በከተማው ውዱ ሰፈር መሐል ሰባት ኤከር፣ ማለትም 28 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ቦታ፣ ፎቅ ሳይበቅልበት ለሕዝብ ተሰጥቷል። ስፋቱን ለልጆችዎ ሲያስረዱ አራት የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ነው ቢሏቸው ይገባቸዋል። መናፈሻዋን ያስገነባውና የሚያስተዳድረው ናሽናል ሃውሲንግ ትረስት የሚባለው የመንግሥት ተቋም ነው። ይህ ተቋም ከሠራተኞችና ከአሠሪዎች በሚሰበሰብ መዋጮ ለሠራተኛው የመኖሪያ ቤት ብድር የሚሰጥ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ቲኬት ባይቆረጥም፣ በየወሩ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ጃማይካዊ ሁሉ የራሱን ድርሻ አስገብቶባታል ማለት ይቻላል።

አመሻሽ ላይ ይሂዱ

ኪንግስተን ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ናት። በቀትር የአየሩ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የከተማው ሰው ቀን ቀን ከባሕሩ የሚነፍሰውን ነፋስ «ዶክተር ብሪዝ» ይለዋል፤ እንደ ሐኪም ያድናል ለማለት ነው። ቢሆንም ከልጆች ጋር ቀትር ላይ መውጣት ልፋት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ቢሄዱ ፀሐይዋ ትበርዳለች፤ በስተምሥራቅ በኩል የሰማያዊ ተራሮች ሰንሰለት ቀለሙን ሲቀያይር ያያሉ። የእነዚህ ተራሮች ከፍተኛ ጫፍ 2,256 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይለይም። በዓለም ላይ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ የሚበቅለው በእነሱ ተዳፋት ላይ ነው። የቡና ተክል መነሻው እኛ ጋ መሆኑን ለልጆች ለማስታወስ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ዘንባባዎች፣ የውሃ ፏፏቴዎች፣ የተከረከመ ሣር፣ የሙዚቃና የሌሎች ዝግጅቶች መድረክ ያገኛሉ። ዙሪያውን ለስላሳ ንጣፍ ያለው 500 ሜትር የሚረዝም የመሮጫ መንገድ አለ። ሥራ ሲያልቅ የቢሮ ሠራተኞች ሸሚዛቸውን ቀይረው ይመጣሉ። እናቶች ሁለት ሁለት ሆነው እያወሩ ይራመዳሉ። ልጅዎ ጉልበት ከተረፈው ሁለት ዙር ያስሩጡት፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሮጠሃል ይበሉት። በገና ሰሞን መናፈሻዋ በመብራት ስለምታጌጥ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አልብሰው ለፎቶ የሚመጡባት ቦታ ናት።

በአጥሩ ላይ ያሉትን ምልክቶች ሳያዩ አይለፉ። እነዚህ አዲንክራ የሚባሉ የምዕራብ አፍሪካ ምልክቶች ናቸው፤ ዛሬ ጋና በምንለው አገር የሚኖሩት የአካን ሕዝቦች በጨርቅ ላይ ያትሟቸው ነበር። እያንዳንዱ ምልክት አንድ ምሳሌያዊ አባባል ይሸከማል። ከታወቁት አንዱ ሳንኮፋ የሚባለው ነው። አንገቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወፍ ሆኖ ይሳላል፤ ትርጉሙም ረስተኸው የመጣኸውን ተመልሰህ ብታመጣው ነውር የለበትም የሚል ነው። የብዙ ጃማይካውያን አያቶች በመርከብ የተጫኑት ከዚያው አካባቢ በመሆኑ፣ አጥሩ ከጌጥነት አልፎ የቤተሰብ ደብዳቤ ሆኖላቸዋል።

ስሙን ለልጅ እንዴት ያስረዱታል?

ልጅዎ «ከምንድን ነው ነፃ የወጡት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ከስኳር ቢጀምሩ ይቀላል። በአውሮፓ ሻይ ማጣፈጥ ልማድ በሆነበት ዘመን ስኳሩ የሚመጣው ከካሪቢያን ደሴቶች ነበር። ሸንኮራ አገዳውን የሚተክሉት፣ የሚቆርጡትና የሚጨምቁት ከአፍሪካ በግድ ተወስደው እንደ ዕቃ የተሸጡ ሰዎች ነበሩ። ልጆቻቸውም ሲወለዱ የጌታው ንብረት ሆነው ይመዘገቡ ነበር።

ቀጥለው የሳሙኤል ሻርፕን ታሪክ ይንገሩት። ሻርፕ በባርነት የተያዘ ሰው ቢሆንም ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ሆኖ የሚያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1831 ለጓደኞቹ የሰጠው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ከገና በዓል በኋላ ያለ ደመወዝ አንሠራም የሚል። ነገሩ በታኅሣሥ 27 ወደ አመፅ ተለወጠ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተሳተፉበት። የቅኝ ገዢው ኃይል ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ አከሸፈው። ከ300 በላይ ሰዎች በሞት ተቀጡ፤ ሻርፕም በግንቦት 1832 ተሰቀለ። ዛሬ ከጃማይካ ብሔራዊ ጀግኖች አንዱ ነው።

አመፁ ቢከሽፍም ወሬው ለንደን ደረሰ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1833፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ባርነትን የሚሽር ሕግ አወጣ። ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 1 ቀን 1834 ነው። ለወላጅ የሚከብደው ክፍል ይህ ነው፤ በዚያች ቀን ወዲያው ነፃ የወጡት ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ብቻ ነበሩ። እናትና አባታቸው «ተለማማጅ» የሚል አዲስ ስም ተሰጥቷቸው የሳምንቱን አብዛኛውን ጊዜ ለዚያው ጌታ ያለ ክፍያ መሥራት ቀጠሉ። ሙሉው ነፃነት የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 1 ቀን 1838 ነው። በጃማይካ ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች ነፃ ወጡ። የእንግሊዝ መንግሥት ለባሪያ አሳዳሪዎች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ሲከፍል፣ ነፃ ለወጡት ሰዎች ግን ምንም አልከፈለም።

በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ሐምሌ 25 ላይ ይውላል። ጃማይካ በ1962 ከእንግሊዝ ነፃ ስትሆን ይህ በዓል ከካላንደር ወጥቶ በነፃነት ቀን ተተክቶ ነበር። ወደ ብሔራዊ በዓልነት የተመለሰው በ1997 ነው። መናፈሻዋም የተመረቀችው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ በበዓሉ ዋዜማ ጁላይ 31 ቀን ነው። ለ35 ዓመታት ከካላንደር ወጥቶ ለኖረ ቀን አሁን ሰው የሚራመድበት ቦታ ተገኘለት።

ያነጋገረው ሐውልት

በዋናው መግቢያ ላይ ከውሃ መሐል የቆሙ ሁለት የነሐስ ሰዎች ያያሉ። አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ናቸው። ቁመታቸው ከሦስት ሜትር በላይ ነው፤ ፊት ለፊት ቆመው ወደ ሰማይ ያንጋጠጡ ናቸው። ሁለቱም ራቁታቸውን ናቸው። ሥራው የጃማይካዊቷ ቀራፂ የሎራ ፌሲ ነው፤ ስሙም ቦብ ማርሌ ከዘፈነው ታዋቂ ዘፈን የተወሰደ ሲሆን «ሪደምፕሽን ሶንግ» ይባላል።

ሐውልቱ በ2003 ሲገለጥ አገሩ ተናወጠ ማለት ይቻላል። በሬዲዮ፣ በጋዜጣ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰው የሚከራከረው ስለሱ ነበር። አንዳንዱ ራቁትነቱን ጠላው፤ ልጆች የሚመጡበት ቦታ ላይ ይህ አይገባም አለ። ሌላው የተቃወመው በሌላ ምክንያት ነው፤ የተሰበረው ሰንሰለት የት አለ? እነ ሻርፕ የታገሉት ትግል የት አለ? እነዚህ ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ እንጂ ሲታገሉ አይታዩም አለ። የወደዱት ደግሞ ራቁትነቱን ያዩት በሌላ ዓይን ነው። ልብሱንም ስሙንም ተገፎ የተሸጠ ሰው አሁን አካሉ የራሱ ሆኖ፣ ከውሃ ታጥቦ እንደወጣ ቆሟል አሉ። ይነሳልን የሚል ጥያቄ ቢቀርብም ሐውልቱ ከቦታው አልተነሳም።

ልጆችዎ ሐውልቱን ሲያዩ መሳቃቸው ወይም ማፈራቸው የታወቀ ነው። አይቆጧቸው፤ እጃቸውን ይዘው ቶሎ አይለፉም። «ለምን ይመስላችኋል ልብስ ያላደረገላቸው?» ብለው ይጠይቋቸው። ትልቁ ልጅ አንድ ነገር ይላል፣ ትንሿ ሌላ ትላለች። አንድ አገር ሙሉ የተከራከረበትን ጥያቄ እነሱም በአቅማቸው መከራከር ይችላሉ። ከዚያ ወደ ፏፏቴው ይሮጣሉ፤ ይሩጡ።

ከኢትዮጵያ ነን ሲሉ

በኪንግስተን ከየት ነው የመጣችሁ ተብለው መጠየቅዎ አይቀርም። መልስዎን ሲሰሙ የሰዎች ፊት ሊለወጥ ይችላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካ ሲደርሱ በአውሮፕላን ማረፊያው የተሰበሰበው ሕዝብ ወደ መቶ ሺህ ይገመታል። ሕዝቡ አውሮፕላኑን ስለከበበው ንጉሠ ነገሥቱ ለተወሰነ ጊዜ መውረድ እንኳ አልቻሉም ነበር። ራስታፈሪያኖች ያን ቀን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። ንጉሡን የሚያዩበት ዓይን ከእኛ የተለየ ነው፤ ለእነሱ ሃይማኖት ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ቀልድም ክርክርም ባያነሱ ይመረጣል፤ ልጆችንም አስቀድመው ቢነግሯቸው ጥሩ ነው።

በባርነት ዘመንና ከዚያም በኋላ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ ያነበቡት የካሪቢያን ሰዎች፣ በቃሉ ውስጥ ያልተሸጠ፣ ያልተገረፈ ጥቁር ሰው አዩ። ዓድዋ ደግሞ አጠናከረላቸው። ይህን ክብር ሳንደክም ስለተቀበልነው ደስ ይለናል። ደስ ሲለን ግን ከልጆች አንዱ የማንጠብቀውን ጥያቄ ሊጠይቀን ይችላል፦ «እኛ ጋስ ባርነት ነበረ?»

ነበረ። ይህን ለልጅ መንገር ከሳሙኤል ሻርፕ ታሪክ ይልቅ ይከብዳል፤ እዚያ በዳዩ ሌላ ነው፣ እዚህ ግን የራሳችን ቤት ነው። በአገራችን ሰዎች በዘመቻ ተማርከውና ተፈንግለው ይሸጡ ነበር፤ በመኳንንትና በባለጠጋ ቤት ያለ ደመወዝ ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎችም ቀይ ባሕርን ተሻግረው ይወሰዱ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታቱን ማኅበር ስትቀላቀል ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በተከታዩ ዓመትም አዋጅ ወጣ። ባርነትን ጨርሶ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው ግን በ1942 ነው። ይህ የአያቶቻችንና የቅድመ አያቶቻችን ዘመን ነው፤ ሩቅ አይደለም። «ባሪያ» የሚለው ስድብ ዛሬም ከአንዳንድ ሰው አፍ ይሰማል።

ይህን እውነት መናገር ዓድዋን አያሳንስም። ልጅ የሚያምነው ወላጅ የሚያኮራውንም የሚያሳፍረውንም በአንድ ድምፅ የሚነግረውን ነው። ጃማይካውያን የደረሰባቸውን ግፍ ከመጽሐፍ አውጥተው በከተማቸው መሐል፣ በፏፏቴና በመሮጫ መንገድ አጠገብ አቁመውታል። እኛ ደግሞ የእነሱን አግዳሚ ወንበር ለአንድ አመሻሽ ተውሰን የራሳችንን ታሪክ ለልጆቻችን መጀመር እንችላለን።

ለመንገድዎ

ከአዲስ አበባ ወደ ኪንግስተን ቀጥታ በረራ የለም። የሚሄዱት በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ በኩል ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች ግን ከማያሚ በሁለት ሰዓት ገደማ ይደርሳሉ፤ ዘመድ ጥየቃ የሄዱ ከሆነ ጉዞውን ከዚያ ማያያዝ ይቻላል። የቪዛውንና የመሸጋገሪያ አገሩን ሁኔታ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያጣሩ።

ከዲሴምበር እስከ አፕሪል አየሩ ደረቅና ምቹ ነው፤ የሆቴል ዋጋ ግን ይወደዳል። የእኛ ልጆች ትምህርት የሚዘጋበት ክረምት ከሐምሌ 25 በዓል ጋር ይገጥማል፤ ያ ወቅት ግን ከጁን እስከ ኖቬምበር በሚዘልቀው የአውሎ ነፋስ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ የአየር ትንበያ መከታተል አይርሱ።

መኪኖች የሚነዱት በግራ በኩል ነው፤ መንገድ ሲያቋርጡ ልጆቹን ያስጠንቅቁ። ታክሲ ሲይዙ ታርጋው ቀይ መሆኑን ይመልከቱ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ፈቃድ ያለው መኪና ምልክት ነው። እንደ ማንኛውም ትልቅ ከተማ በኪንግስተንም እንግዳ ሰው ብቻውን የማይገባባቸው ሰፈሮች አሉ፤ ሆቴልዎን ይጠይቁ። በኒው ኪንግስተን ካረፉ መናፈሻዋ በእግር ትደረሳለች።

ከመናፈሻዋ ሲወጡ ልጆች መራባቸው አይቀርም። ፓቲ የሚባለው በሥጋ ወይም በአትክልት የተሞላ ቢጫ ጥብስ ዱቄት ከሳምቡሳ ጋር ዝምድና ያለው ይመስላል፤ የሚያቃጥል ስላለው ቃሪያ የሌለበትን ይጠይቁ። ለማወራረጃ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቆ ወዳለው ዴቨን ሃውስ ይሂዱ። ይህን ቤት በ1881 ያሠራው ጆርጅ ስቲበል ነው፤ የጃማይካ የመጀመሪያው ጥቁር ሚሊየነር ይባላል። ዛሬ ቤተሰቦች በግቢው የሚሰለፉት ለአይስክሬሙ ነው። ባርነት ከቀረ ከ43 ዓመት በኋላ አንድ ጥቁር ሰው በዚያችው ከተማ እንዲህ ያለ ቤት መሥራቱን ለልጆችዎ ሲነግሯቸው፣ አይስክሬማቸውን እየላሱም ቢሆን ይሰማሉ።

ወደ አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ ይስጧቸው። በከተማችን መናፈሻ ውስጥ እንዲህ ያለ መታሰቢያ ቢቆም ማንን እንድናስብ ይቆም? ወረቀትና እርሳስ ይስጧቸውና ይሳሉት። ከዚያ ሥዕሉን አያት ፊት ያቅርቡትና ስለዚያ ዘመን የሚያውቁትን ይጠይቋቸው።